ፎቶ የማይወጣበት ቤት

ድረ ገጹ አሁንም ነጭ ነው። ከላይ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች ማኅበር ስም በእንግሊዝኛ ይነበባል፤ ከሥሩ ባዶ ሳጥን፣ ሌላ ምንም የለም። ወይኒቱ ገጹን እንደገና ከፈተችው። ያው ባዶ ሳጥን ተመለሰ። አጎቷ ባምላኩ ዱላውን ተደግፎ ከኋላዋ ቆሟል። ከግድግዳው ማዶ፣ ከግቢው ድንኳን፣ የአልቃሾች ድምፅ ይሰማል። የሚለቀሰው ለወንድሟ ለገደፋው ነው፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚገለገልባት ይህች አራት ኮምፒዩተር ያላት የፍኖተ ሰላም ኢንተርኔት ቤት የእሱ ነበረች።

ገደፋው ታመመ ሳይባል ነው የሞተው። በዋዜማው ከሸሪኩ ከዘሩ ቤት ምሳ በልቷል፤ ከዚያ ቀደም ሲል ደግሞ ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ጎረቤት ሰምቷል። ከማንኩሳ የመጡት ዘመዶች እነዚህን ሁለት ነገሮች በሹክሹክታ አገናኝተው ዘሩ መርዞት ነው አሉ። ዘሩ ከቀብሩ ወዲህ በሩን ዘግቶ ተቀምጧል። ባምላኩ የሚታገሠው ድንኳኑ እስኪፈርስ ብቻ እንደሆነ ለወንዶቹ ተናግሯል። ድንኳኑ የሚፈርሰው ነገ ጠዋት ነው።

ዛሬ ግን የገደፋው የዩኒቨርሲቲ ጓደኛ ሀኒ ከአዲስ አበባ ደወለች። ገደፋው ኩላሊቱን ከታመመ ዓመት እንዳለፈው፣ ጓደኞቹም በማኅበራቸው ገጽ ላይ ጸሎት እንደጠየቁለት ለወይኒቱ ነገረቻት። ባምላኩ በስልክ የመጣን ነገር ማንም ሊያስጠናው እንደሚችል፣ በዓይኑ ያላየውንም እንደማያምን ተናገረ። ይኸው ሊያይ መጥቷል፤ የሚታይ ግን ጠፋ።

"ነጭ ነጠላ ዘርግተሽ እይ ትይኛለሽ፣ አንች?" አላት።

ወይኒቱ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል ይዛ ሀኒ የምትላትን ትፈጽማለች። ሌላ ድረ ገጽ ሞከረች፤ ጽሑፉ ወጣ፤ እንግዲያው መስመሩ አለ። ወደ ሁለተኛው ኮምፒዩተር ተዛወረች፤ ለውጥ የለም። የአማርኛ ፊደል በየኮምፒዩተሩ አራት ማዕዘን እየሆነ የሚያስቸግርበት ዘመን ነበረና፣ ማስታወቂያው ከነጽሑፉ በፎቶ መልክ እንደተለጠፈ ሀኒ አስረዳቻት። ሌላ ገጽ ላይስ ፎቶ ይወጣ እንደሆነ ጠየቀቻት።

"እኛ ቤት ፎቶ አይወጣም" አለች ወይኒቱ። "መስመሩ ደካማ ስለሆነ ነው።"

"ማን ነው እንዲህ ያለሽ?"

"ገደፋው።"

ያ ቀን ትዝ አላት። ዕቃ ገዝቼ መጣሁ ብሎ ከአዲስ አበባ የተመለሰ ሰሞን ነበር፤ ፊቱ አብጦ፣ መንገዱ ነው ብሏት ነበር። ከወንበር ወንበር እየተዛወረ አራቱንም ኮምፒዩተሮች ሲነካካ አይታዋለች። ደንበኞች ፎቶ ጠፋ ብለው ሲያጉረመርሙ፣ መልከ መልካም ማየት ያማረው ወደ እኔ ይዙር ይላቸው ነበር። እሷም አብራ እየሳቀች፣ ለጠየቃት ሁሉ መስመሩ ነው ስትል ከረመች።

ሀኒ የብራውዘሩን ማስተካከያ እንድትከፍት መራቻት። ፎቶ እንዲታይ ከሚፈቅደው ጽሑፍ ፊት መኖር የነበረበት ምልክት ተነሥቷል። በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም፣ በአራተኛውም እንደዚሁ። ገደፋው ያን ቀን ሲነካካ የነበረው ይህንን ኖሯል።

"ማስታወቂያውን ከገጹ አውርዱልኝ ብሎን ነበር፤ እኛ እምቢ አልን" አለች ሀኒ ድምፅዋ ተሰብሮ። "እናቴ በቁሜ እንዳታለቅሰኝ ይል ነበር። ዘሩንም ለማንም እንዳይነግር አስምሎታል። ጭቅጭቃቸው ይኸው ነበር፤ ንገራቸው፣ አልነግርም።"

ወይኒቱ ምልክቱን መለሰችና ገጹን እንደገና ከፈተች።

ፎቶው ከላይ ወደ ታች በዝግታ ወረደ። መጀመሪያ መስኮት ወጣ፤ ከዚያ የሆስፒታል አልጋ ራስጌ፤ ከዚያ የገደፋው ፊት፣ ጠቁሮ፣ ዓይኑ ከእብጠቱ የተነሣ ጠቦ። ከማጅራቱ ሥር ደግፎ ያነሣው መዳፍ ታየ። ቀጥሎ የመዳፉ ባለቤት ወጣ፤ ዘሩ ነው። ከግርጌው ለወንድማችን ለገደፋው ጸልዩ የሚል ጽሑፍ ካለፈው ዓመት ቀን ጋር ተከተለ።

ባምላኩ ወደ ፎቶው ጎንበስ አለ። ወይኒቱ ሀኒ ያለቻትን አንድ በአንድ ነገረችው። ሰምቶ ሲያበቃ ወጣ። ዱላውን ይዞ ስለነበር ፈርታ ተከተለችው።

መንገዱን ተሻግሮ የዘሩን በር አንኳኳ፤ ስሙንም ጠራ። ዘሩ ከፍቶ፣ የመጣውን ሁሉ ለመቀበል እንደቆረጠ ሰው ደፉ ላይ ቆመ። ባምላኩ ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። የዘሩን ቀኝ እጅ ያዘ፣ መዳፉን ወደ ላይ ገለበጠ፣ ጎንበስ ብሎም ግንባሩን አሳረፈበት።