ክሊራንስ ያልሞላው አቤት

አንጓች ደምሌ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ሃያ ዓመት ሆኗታል፤ «አቤት» የምትልበት ድምፅዋ ግን እስካሁን አልወጣም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ መምህሩ ስሟን ሲጠራ፣ ክፍል አሥራ ሁለት ውስጥ በመስኮቱ በኩል ካለው ባዶ ወንበር «አቤት» ይላል። መምህሩም ምልክት አድርጎ ያልፋል። መጀመሪያ ሰሞን ተማሪዎቹ ዞር ዞር እያሉ ያዩ ነበር አሉ፤ ኋላ ለመዱት። የካፌውን ሽሮ የለመደ ሰው ምን የማይለምደው አለ?

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። አንጓች ሁለተኛ ዓመት ሶሲዮሎጂ በጀመረች በሦስተኛው ሳምንት፣ አባቷ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ አላቸው የሚል ስልክ መጣ። ለሁለት ሳምንት ብላ ወጣች፣ በዚያው ቀረች። ክሊራንስ አልሞላችም። ክሊራንስ ማለት ከቤተ መጻሕፍት፣ ከካፌ፣ ከመኝታ ክፍልና ከስፖርት ዕቃ ግምጃ ቤት «ይህች ልጅ የኛ ንብረት የለባትም» ተብሎ ማኅተም የሚረገጥበት ወረቀት ነው። ኳስ በእጁ ነክቶ የማያውቅም ስፖርት ዕቃ ግምጃ ቤት መሄዱ አይቀርለትም። ደንቡ እንደሚለው ክሊራንስ ሳይሞላ የሄደ ተማሪ ሄደ አይባልም።

አባቷን አምስት ዓመት አስታማ ቀበረች። ከዚያ ከግቢው በር ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ ቤት ከፍታ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ታይፕ እያደረገች፣ እየጠረዘች መኖር ያዘች። ሰው ሲጠራት «አቤት» ማለት ስለማይሆንላት «ምንድነው?» ትላለች። ሰፈርተኛው ባለጌ ናት ይላታል። ምላሷ ስለት እንዳለው አይካድም፤ በዚህኛው ግን ጥፋት የለባትም።

በየካቲት አንድ ሰኞ ጥጋቡ የሚባለው የሬጅስትራር ሠራተኛ ፋይል በብብቱ ይዞ ሱቋ ገባ። ትምህርቷን ልትጨርስ አንድ ነገር ብቻ እንደቀራት ሊነግራት ነው የመጣው። ለእያንዳንዱ ትምህርት በክፍል መገኘት አሥር ነጥብ አለው። ድምፅዋ አንድም ቀን አልቀረም። የሁለተኛውን ዓመት ትምህርቶች አሥር ዓመት ተከታተለ፣ አሥር ጊዜ አሥር መቶ ሞላ፤ ሦስተኛ ዓመት አለፈና እዚያም አሥር ዓመት ቆይቶ መቶ ሞላ። ሒሳቡን ሦስት ሰዎች አይተውታል።

«ሁሉም ኤ ነው» አለ ጥጋቡ። «ሲ ያለው ራስዎ በተማሩት በአንደኛው ዓመት ብቻ ነው።»

«እንኳን ደስ ያለው በልልኝ» አለች አንጓች።

የቀራት የመመረቂያ ጽሑፍ ነበር። እሱ የመገኘት ነጥብ የለውም፤ የሚጽፍ ሰው ይፈልጋል። ሴኔቱ ደግሞ ሃያ ዓመት የሞላው ፋይል ሁሉ ሰኔ ሠላሳ እንዲዘጋ ወስኗል። እስከዚያ ካልጻፈች ሃያ ዓመት የተለቀመው ኤ ሁሉ ይሰረዛል፣ ስሟም ከዝርዝሩ ይወጣል።

«ድምፁስ?» አለች።

«የማይጠራ ስም አቤት አይልም» አለ፣ ፋይሉን እየዘጋ።

አንጓች ያን ቀን ሱቋን በጊዜ ዘጋች። ስድስት መቶ የሚያህል ጽሑፍ በእጇ አልፏል፤ አንዱም ላይ ስሟ የለም። ምስጋናውን ሳይቀር ከጓደኛው ገልብጦ፣ የጓደኛውን እናት «ዘጠኝ ወር ተሸክመሽኝ» ብሎ ያመሰገነውን እንኳ ጠርዛለች። የራሷን አንድ ጽሑፍ ጠርዛ ማየት ፈለገች። አንድን ነገር ይህን ያህል የፈለገችው ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ ለማስታወስ ሞክራ አቃታት።

ልትጽፍ ስትቀመጥ ጣቶቿ የሚያውቁትን ብቻ ጻፉ። በሦስተኛው ቀን አሥራ ሁለት ገጽ ይዛ አማካሪዋ ዘንድ ሄደች። አማካሪዋ መምህር ፍሬው ከጥቂት ዓመት በፊት እሷው ጋ ያስጠረዘ ልጅ ነው።

«እትዬ አንጓች፣ ገጽ ሰባት የኔ ነው» አላት።

«ያንተስ መቼ ያንተ ነበር?»

መምህር ፍሬው ጥቂት አሰበና እውነቷን ነው አለ። ከዚያ ማንም ታይፕ አድርጊልኝ ብሎ አምጥቶላት የማያውቀውን ነገር እንድትጽፍ መከራት።

በማግስቱ ክፍል አሥራ ሁለት ገብታ ከባዶው ወንበር አጠገብ ተቀመጠች። ስሟ ተጠራ። ጎኗ ያለው «አቤት» ቀጭን ነበር፤ እንዳይቀድሙት የሚሽቀዳደም፣ መምህር ደስ ማሰኘት የሚወድ የልጅ ድምፅ። እንዲህ እንደነበረች ረስታው ኖሯል። መምህሩ ጥሪውን ቀጠለ፤ ከኋላ ረድፍ ሌላ ባዶ ወንበር «አቤት» አለ። አንጓች ደብተሯን አወጣች።

ሦስት ወር ከክፍል ክፍል ዞረች። እንዲህ «አቤት» የሚሉ አርባ አንድ ባዶ ወንበሮች አገኘች። አንዷ ለእህቷ ሰርግ ብላ የወጣች ናት፤ አንዱ አንድ ኤፍ አይቶ ቤተሰቡን ያፈረ። ብርቄ ታፈረ የምትባለው ወንድሟን ልታስታምም ሄዳለች፤ አንጓች የእሷን ፋይል ሁለት ጊዜ አነበበችው። የጽሑፉ ርዕስ «ክሊራንስ ሳይሞሉ የሄዱ ተማሪዎች በክፍል ውስጥ ያላቸው ተሳትፎ» የሚል ሆነ።

ሰኔ ሃያ አራት ቀን ሦስት ፈታኞች ፊት ቀረበች። ሰብሳቢዋ ዶክተር ሰላማዊት ችግር እንዳለ ተናገረች፤ ትምህርቱን የተማረው ወንበር ላይ ያለው ነው፣ ጽሑፉን የጻፈችው ግን ይቺ ሴት ናት፣ አንድ ዲግሪ ለሁለት አይሰጥም። ወንበሩ እንዲመጣ ታዘዘ። ሁለት ተማሪዎች ሰው እንዳለበት ወንበር ሳያዘነብሉ ተሸክመው አመጡት።

አንጓች ወደ ወንበሩ ጎንበስ አለች።

«ትንሽ ጠጋ በይልኝ» አለችና ተቀመጠች።

ሰብሳቢዋ ዝርዝሩን አንስታ ጠራች፤ «አንጓች ደምሌ።»

«አቤት።»

አንድ ብቻ ነበር። የልጅቷም አይደለም፣ የፎቶ ኮፒ ቤቷም ሴትዮ አይደለም። ፈታኞቹ ቀና ሳይሉ ጻፉ፣ ከዚያም ስለ ናሙና አመራረጧ ጠየቋት። ቢ ሰጧት። የገጽ ቁጥሩ ተዛብቷል አሉ፤ ስድስት መቶ ጽሑፍ የጠረዘች ሴት የራሷን አዛብታ።

ከመመረቋ በፊት ክሊራንስ ሞላች። የስፖርት ዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ መዝገቡን ሦስት ጊዜ ገልብጦ ኳስ እንደሌለባት አረጋገጠና ማኅተሙን ረገጠላት።

ከምረቃው በኋላ ባለው ሰኞ ሱቋን ስትከፍት ከፊቷ ማንም አልነበረም። ከግቢው በር የሚመጡት ሰዎች ግን በእግረኛው መንገድ አይሄዱም፤ ሱቋ አጠገብ ሲደርሱ ወደ አስፋልቱ ይወርዱና፣ የተሰለፈ ሰው እንደሚያልፉ ሁሉ «ይቅርታ» እያሉ ዞረው ያልፋሉ። አንጓች ኮምፒውተሩን አበራች። አንድ ንጹሕ ወረቀት ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች፣ ከጽሑፏ መጨረሻ ያለውን የአርባ አንዱን ስም ዝርዝር ገለጠች።

«ብርቄ ታፈረ» አለች።

ከባንኮኒው ወዲያ፣ በጣም ከቅርብ፣ «አቤት» ተባለ። የወረቀቱ ጫፍ በትንፋሽ ብድግ አለ፤ አንጓች በጣቷ ያዘችላት።