አንድ እርምጃ ወደ ኋላ

አሰልጣኙ ብዙ አያወራም። ድምፁ ድሮም ሻካራ ነው፤ አዳራሹ ደግሞ ከጋራዥ ጋር ግድግዳ የሚጋራ የቀድሞ መጋዘን በመሆኑ፣ ከመዶሻው ጋር እየተፎካከረ ከሚጮህ ማጨብጨብ ይቀለዋል። አንዱ ልጅ ንጹህ ቡጢ ሲያሳርፍ አንዴ ጧ! ያደርጋል። ጧ ማለት ነጥቡን አግኝተሃል፣ በቃህ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ በልና እጅህን አገጭህ ላይ መልስ ማለት ነው። ነካ አድርግና ውጣ። በአማተር ቦክስ ዳኛ የሚቆጥረው ያረፈውን ቡጢ ነው፤ እዚያው ቆመህ ልድገመው ካልክ እሱም ይነካህና ልፋትህ ገደል ይገባል።

የእህቱን ልጅ ያሳደገው በዚህ ጭብጨባ ነው። ልጁን ሰው ሁሉ «መርፌ» ነው የሚለው፤ ወጋ አድርጎ ስለሚወጣ። እናቱ ገና በልጅነቱ እጁን ይዛ አምጥታ፣ ሰፈር ለሰፈር ሲደባደብ አንድ ቀን ከሚቀርብኝ አንተው ጋ ይደባደብ፣ ብቻ ወንድሜ ፊቱን እንዳያበላሹብኝ ብላ አስረክባዋለች። አልተበላሸም። መርፌ ፊቱ ላይ ጭረት ሳይታይ አገር ያወቀው ቻምፒዮን ሆነ፤ የአዳራሹ መደርደሪያ በሱ ዋንጫ ተጨናንቆ የሌሎቹ ልጆች ዋንጫ መሬት ወረደ። ልማዱማ ከሪንግ ውጭም ተከትሎት ሄዷል። ሚስቱ እንግዳ በመጣ ቁጥር የምታወጣት ተረብ አለቻት፤ «ባሌ እኮ ስሞኝ እንኳ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል፤ መልሳ ትመታኛለች ብሎ ነው መሰለኝ» ትላለች። ሰው ይስቃል። አሰልጣኙ ግን የሙያው ምስክር ስለሚመስለው ከሁሉም አብልጦ ይስቅ ነበር።

መርፌ ፕሮፌሽናል ከሆነ ወዲህ ነው ሳቁ የቀረው። ፕሮፌሽናል ሌላ ዓለም ነው። ጓንቱ ቀጭን፣ ዙሩ ብዙ፣ ተመልካቹም ገንዘቡን ከፍሎ ሰው ሲወድቅ ካላየ ቤቱ የማይገባ። የመጀመሪያውን ግጥሚያ በነጥብ አሸንፎ ሰው በፉጨት አባረረው። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ድሮ በግራ እጁ ብቻ ያጫውታቸው በነበሩ ሰዎች ተሸነፈ። መቼም ሰው ምን የማይለው አለ! ዓይን በልቶት ነው አለ፣ ትዳር አላልቶት ነው አለ፣ ጠግቦ ነው አለ። እውነቱን አፍርጦ የተናገረው አዲሱ አሰልጣኙ፣ ራሰ በራው ነው። ልጁ ቡጢ አላጣም አለ። ተጋጣሚው ሲንገዳገድለት ገብቶ መጨረስ ሲገባው፣ ወደ ኋላ ብሎ ነጥብ እስኪቆጠርለት ይጠብቃል። እዚህ ደግሞ የነካኸው ሰው ትንፋሹን ሰብስቦ ተመልሶ ይመጣብሃል።

ነገሩ የድሮ አሰልጣኙን፣ አጎቱን፣ እንደ እሾህ የወጋው ያለ ምክንያት አይደለም። ራሰ በራው ልጁን ስጠኝ ብሎ ደጅ የጠናው መርፌ ገና ለጋ ሳለ ነበር። ያን ጊዜ አሰልጣኙ ትንሽ ቆይ አለው፤ የዘንድሮን ዋንጫ ያምጣልንና ትወስደዋለህ። ዋንጫው መጣ፤ የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ነውና የሚቀጥለውንም አማረው። እንዲህ እንዲህ እያለ ልጁ ለራሰ በራው የተሰጠው ሠላሳ ዓመት ሊደፍን ሲል ነው።

አሁን የቀረችው አንዲት ግጥሚያ ናት። የግጥሚያዎቹ አዘጋጅ ይቺን ከተሸነፈ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ ብሎ ቁርጡን ተናግሯል። ራሰ በራውም ልጁን እንደ አዲስ ሊሠራው ቆርጦ ተነሣ። ወገቡን በብስክሌት ጎማ ላስቲክ ከተሰቀለው ጆንያ ጋር አሰረውና ወደ ኋላ ባለ ቁጥር ላስቲኩ እየጎተተ ይመልሰው ጀመር። መርፌ መጀመሪያ እንደ ታሰረ ጥጃ ተንፈራገጠ፤ እያደር ግን ለመደው፤ እግሩም ተከለ። ግጥሚያው ሲቃረብ ራሰ በራው አሰልጣኙን ወደ ጎን ወሰደው። ማዕዘናችን ላይ ቁጭ ብለህ ባልዲና ውሃ ያዝ፣ ልጁም አንተን ሲያይ ደስ ይለዋል አለው። ከዚያ ሁለት እጆቹን ያዝ አድርጎ፣ «ብቻ ወንድሜ፣ እነዚህን ኪስህ ውስጥ ክተትልኝ» አለው። አሰልጣኙ ከፋው። ቢሆንም እውነቱን ነውና ቃል ገባ።

የግጥሚያው ምሽት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ጩኸቱ ለጉድ ነው፤ ሦስተኛው ዙር ሲያልቅ ደወሉን የሰማ ስላልነበረ፣ ዳኛው መሃል ገብቶ በሆዱ እየገፋ ነው ሁለቱን ያላቀቃቸው። አሰልጣኙ እጆቹን ኪሱ ከትቶ፣ በእግሩ ባልዲውን አቅፎ ተቀምጧል። አምስተኛው ዙር ላይ መርፌ በቀኙ የተጋጣሚውን መንጋጋ አገኘው። የሰውዬው ጉልበት ታጠፈ፤ ጀርባውን ለገመዱ ሰጠ። መርፌም ተከተለው! ደገመው። ሠለሰው። የአሰልጣኙ ልብ በደስታ ቀጥ ልትል ምንም አልቀራት። ያ ያሳደገው ልጅ፣ ያ ሁሉ ሰው ወኔ ቢስ ያለው ልጅ፣ እግሩን ተክሎ ሰው ሊጥል ነው። አራተኛው ቡጢ እንደ መጽሐፍ ነበር፤ ከትከሻው ጀምሮ ቀጥ ያለ፣ ንጹህ። እና ጧ!

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ከእጅ የወጣውንስ ማን ይመልሰዋል? እጆቹ መቼ ከኪሱ እንደወጡ ራሱም አያውቅም። ቀና ሲል መርፌ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ፣ እጆቹን አገጩ ላይ አድርጎ ቆሟል። ሰውዬው ገመዱን ይዞ ተነፈሰ፤ ደግሞ ተነፈሰ፤ ከዚያ መጥቶ መርፌን አቀፈውና ዙሩን በእቅፍ ጨረሰው። ሰባተኛው ዙር ላይ ጉንጩን መሬት ላይ አጋድሞ እስከ አስር የተቆጠረለት መርፌ ነበር። ራሰ በራው ዓይኑን ከሪንጉ አልነቀለምና ጭብጨባውን አላየም። ማንም አላየም።

ልብስ መለወጫው ክፍል ውስጥ አሰልጣኙ አጎንብሶ የጓንቱን ክር ሲፈታለት፣ መርፌ ከላዩ ሆኖ ይቅርታ ጋሼ፣ አሳፈርኩህ አለው። አሰልጣኙ ክሩን ፈታ፣ ጓንቱን አወለቀ፣ ላቡን ጠረገለት።

ሌሊቱን ሲገላበጥ አድሮ ረፋድ ላይ ሊጠይቀው ሄደ። በሩን የከፈተችለት እህቱ ናት። አቅፋ ሳመችውና፣ እግዜር ይስጥህ ወንድሜ፣ ዓይኑ ይበጥ እንጂ ልጄን በሕይወት መልሰህልኛል፣ መጠንቀቅ ያስተማርከው አንተ ነህ አለችው። ከምትመርቀው ብትረግመው በወደደ። መርፌ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ በረዶ በፎጣ ጠቅልሎ ዓይኑ ላይ ይዟል። ሚስቱ ትራሱን ታስተካክልለታለች።

መርፌ ሐሳቡን ጨርሶ ነበር የጠበቀው። ቦክስ ትቶ ከአዳራሹ ጎን ያለው ጋራዥ ሊቀጠር ነው፤ አነጋግሯቸዋል። ሥራው ደግ ነው አለ። ያንገበገበው ሌላ ነገር ነው።

«ሰውዬው እጄ ላይ ነበር እኮ፣ ጋሼ። ልጨርሰው ስችል ሸሸሁ። ሰው እውነቱን ነው፤ ፈሪ ነኝ።»

አሰልጣኙ ለአፍታ ሆድ ይፍጀው ሊል ቃጣው። ማን ያውቃል? ማን አየ? ግን ይህ ልጅ ዕድሜ ልኩን ፈሪ ነኝ እያለ ቡሎን ሲያጠብቅ በግድግዳው በኩል ሊሰማው ነው። አንጀቱ አልቻለም።

«ፈሪ አይደለህም» አለው። «ጥፋተኛው እኔ ነኝ። አምስተኛው ዙር ላይ አጨበጨብኩ። ቃል ገብቼ ሳለ እጄ አመለጠኝ። የተመለስከው በኔ ጭብጨባ ነው። በኔ ይሁን፣ ልጄ፤ ማረኝ።»

መርፌ በረዶውን አውርዶ በደህናው ዓይኑ አየው።

«አጨበጨብክ?»

«አዎ።»

«አልሰማሁም እኮ። ደወሉን እንኳ ያልሰማሁ ሰውዬ፣ ያንተን ጭብጨባ ከየት እሰማዋለሁ?» የተሰነጠቀ ከንፈሩን ለፈገግታ ሞከረው። «ስለዚህ ነው ፊትህ እንዲህ የጠቆረው? ተው፣ ጋሼ። አንተ የለህበትም። እግሬ ነው፤ ራሱ ሄደ።»

ሊያጽናናው ነው የተናገረው፤ ከትከሻው ላይ ድንጋይ ያነሣለት መስሎታል። አሰልጣኙ ግን የመጣው አንዲት ጭብጨባ ይዞ ነበር። ለአንዲት ጭብጨባ ማረኝ ይባላል፤ ሰውም ይምራል። በዚያ መጋዘን ውስጥ ከልጅነት እስከ ጉልምስና ላጨበጨበው፣ ወደ ኋላ መሄድን ለእግሩ እያስተማረ ዋንጫ ለደረደረበት፣ ምን ብሎ ይቅርታ ይጠይቅ? ከማንስ ይጀምር? እህቱ ደጅ ሆና ትመርቀዋለች። አዳራሹ ውስጥ ልጆች ይጠብቁኛል ብሎ ተነሣ።

መርፌ ቁጭ በል ቢሉት እምቢ ብሎ እስከ በር ሸኘው። በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ትከሻውን ሳመው፤ ስሞም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«አላልኳችሁም?» አለች ሚስቱ ከውስጥ፤ ከትናንት ጀምሮ ያዘነውን ቤት ለማሳቅ ብላ ነው። እናትየው ሳቀች። መርፌም ከንፈሩን በእጁ ደግፎ ሳቀ። አሰልጣኙ እንደ ድሮው ሊስቅ ሞከረ፤ አቃተው። እጆቹን ኪሱ ከትቶ ወጣ።