የእታለማሁ መመለስ

መምሬ እንየው እታለማሁን ወደ ቤተ ክርስቲያን ለመመለስ ሁለት ዓመት ለፍተዋል። ሌላ ቄስ ቢሆን ገና ድሮ ትቷት ነበር። ልጇ ይኸነው ውስጡ በሚነድ የከሰል ክምር ላይ ቆሞ አፈር ሲመልስበት ክምሩ ተደርምሶ እሳቱ ውስጥ ገብቶ ከሞተ ወዲህ፣ ሴትዮዋ የቤተ ክርስቲያን ደጅ አልረገጠችም። በአዲስ ቅዳም ዙሪያ ማሳው ሁሉ ለከሰል የሚቆረጥ ዛፍ ሆኗል፤ ሰው የሚኖረውም በከሰል ነው፣ የሚሞተውም በከሰል።

ታዲያ መምሬ ምን አደረጉ መሰላችሁ? አልሰበኳትም። ስሟን እያነሡ ጸለዩ። ቤቷ እየሄዱ ዝም ብለው ተቀመጡ፤ የቱን ቃል ስትሰማ ፊቷ እንደሚጠቁር፣ የቱን ስትሰማ እንደሚቀልላት አንድ በአንድ አጠኑ። አንድ ቀን በአገውኛ «ልጄ ጮኾ ነበር ወይ?» ብላ ጠየቀቻቸው። ጩኸቱን ሰምተው ከሮጡት አንዱ እሳቸው ነበሩ። «ጭሱ ቀድሞ አስተኛው፤ ድምፅም አልወጣው» አሏት። ዋሹ እንግዲህ። ለዚያች ውሸት ንስሐ ገብተዋል፤ ቃላቸውን ግን መልሰው ሊወስዱባት አንጀታቸው እምቢ አለ። እሷም ያችን ቃል ይዛ እህል መቅመስ ጀመረች። ውሎ አድሮም «ለእሑዱ ጉባኤ እመጣለሁ» አለቻቸው። መምሬ ወደ ቤታቸው እያለቀሱ ነው የሄዱት።

ለጉባኤው የተጠራው ሰባኪ መምህር አስማረ ነበር፣ የዳንግላው። ድምፁማ ምን ይወጣለታል፣ ድንጋይ ያስለቅሳል። መምሬ ቀድሞ መጥቶ እንዲያድር፣ አብሯቸው እንዲጸልይ፣ ምእመኑን እንዲያውቅ በስልክ ለምነውት ነበር። «ጸሎቱን እናንተ ያዙልኝ፣ ትምህርቱ እኔ ጋ ነው» ብሎ ሳቀ። ጥናት የሚለው ደግሞ ያለፈውን ጉባኤ ስብከቱን፣ የራሱኑ ድምፅ፣ በስልኩ መልሶ መስማት ነው። እሑድ ሕዝቡ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ተቀምጦ ካበቃ በኋላ፣ ከዳንግላ ካመጣቸው መዘምራን ጋር ከሚኒባስ ወረደ።

መምሬ ሮጠው ክንዱን ያዙት። «መምህር፣ አንዲት ነገር ልንገርህ። ፊት ያለችው፣ ጥቁር የለበሰችው እናት...»

«በኋላ አባቴ፣ በኋላ። አሁን መንፈሴን አይበትኑብኝ።»

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሉታል ይኼን። መምሬም አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ፤ ያን ጊዜ አንገቱን ቢያንቁት ይሻል ነበር።

ስለ ገሃነም አስተማረ። አጀማመሩ ጥሩ ነበር፣ አይካድም። ኋላ ግን ዓይኑ ከቅጥሩ ማዶ ወደሚጨሰው ክምር ሄደ፤ ለባላገር የሚሆን ምሳሌ ያገኘ መሰለው። «ያን የከሰል ክምር እዩት» አለ። «ላዩ አፈር፣ ውስጡ እሳት። ኃጢአተኛም እንደዚያ ታፍኖ ነው የሚነድ።»

ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ። ሽማግሌዎቹ በአገውኛ «አስቁሙት፣ አስቁሙት» ማለት ጀመሩ። አስማረ አገውኛ አይሰማም፤ ቃሉ የነካቸው መስሎት ባሰበት። መምሬ ተነሥተው ልብሱን ቢጎትቱት ሳያያቸው አስለቀቃቸው። እታለማሁ ብድግ አለች። አስማረ ይኼን ሲያይ ማይክራፎኑን ይዞ ወረደላት።

«ይናገሩ እናቴ። ምን ተሰማዎት?»

«እዚያ ውስጥ ያለው» አለች በአማርኛ፣ ቀስ ብላ፣ «ይጮኻል?»

«ይጮኻል እንጂ።»

«እናቱንም ይጠራል?»

መምሬ «ተው አንተ ልጅ» አሉ። ማን ሰምቷቸው።

«ይጠራታል እናቴ፣ ይጠራታል። እሷ ግን አትሰማውም።»

ይኸነው የጠራው እናቱን ነበር። እሷ ያን ቀን ቆሰበር ገበያ ሄዳ ነበር። አስማረ ይኼን ከማን ያውቃል? ሳያውቅ ነው እቅጩን የነገራት።

እታለማሁ ዞር ብላ መምሬን አየቻቸው። አሁንም «ውሸት ነው፣ ተኝቷል» ቢሏት ታምናቸው ነበር፤ ያንን ብቻ ነበር የፈለገችው። መምሬ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከታቦቱ ፊት ለፊት ቆመው ግን ቃሉ አልወጣ አላቸው። ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ። ለእሷም በቃት።

«አጠገቤ እየተቀመጡ» አለቻቸው በአገውኛ። «ይኼን ሁሉ ጊዜ፣ እያወቁ። ከእንግዲህ ስሜን በጸሎት እንዳያነሡ።» ነጠላዋን ሰብስባ ወደ በሩ ሄደች፤ ሰዉ መንገድ ለቀቀላት፣ ያስቆማት የለም። መምሬ ሁለት እርምጃ ተከትለዋት፣ ተመልሰው አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉ።

አስማረ ከንግግሯ አንዲት ቃል አልገባውም። ፊቱ በላብ ወዝቶ፣ ደስታ አላስቆም ብሎት፣ ማይክራፎኑን ወደ አፉ አስጠጋ። «አያችሁ ምእመናን፣ እናታችን ቃሉ ነክቷታል፣ ወደ ንስሐ ተመልሳለች። እልል በሉላት።»

የዳንግላ መዘምራን እልል አሉ። እልልታው ገና ከቅጥሩ ሳትወጣ ደረሰባት።