ማዞሪያው ላይ የተለጠፈው ፕላስተር

ሕሊና ያን ፕላስተር ገና ከመጀመሪያው ቀን ጠልታዋለች። ቡሬ መናኸሪያ አጠገብ ያለው የፎቶ ቤት ባለቤት ወንዳወቅ፣ ፎቶ አንሺ አድርጎ ቀጥሯት ካሜራውን ሲያስረክባት የብርሃን መጨመሪያና መቀነሻ ማዞሪያውን ዜሮ ላይ አድርጎ፣ በቁስል ፕላስተር ጠርቅሞ ለጥፎበት ነበር። «እንዳትነኪው፤ ካሜራው ካንቺ የተሻለ ያውቃል» አላት። ሦስት ወር ሙሉ አልነካችውም፤ እንጀራ ነውና።

ግን ታውቅ ነበር። ካሜራው ነጭ ልብስ ሲያይ ብርሃን የበዛ ይመስለውና ሁሉን ያጨልማል፤ ነጭ የለበሰ ሰው ባነሣች ቁጥር ፊቱ ይጠቁርባታል። መድኃኒቱ ማዞሪያውን ወደ መደመር ምልክቱ ትንሽ ማዞር እንደሆነ ከስልኳ ቪዲዮ ተምራለች። እንግዲህ በጎጃም በዓል ነጭ የማይለብስ ማን አለ? ይህን የማያውቅ ሰው ነው ፎቶ ቤት የከፈተው።

ገበዝ ማርያም ላይ፣ በንግሡ ቀን፣ አያ ጋሹ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ አዲስ ጋቢ ደርበው ፀሐይ ላይ ቆሙላት። «የመታወቂያዬ ፎቶማ ተፍቋል። ይህች ለልጆቼ የምትቀር ናት፤ አደራ» አሏት። ጣቷ ፕላስተሩ ላይ ደረሰ። ወንዳወቅ ከኋላዋ ጉሮሮውን ጠረገ። ጣቷን መለሰችና ሽማግሌውን እንዲሁ ፎቶ አነሣቻቸው።

አያ ጋሹ ወር ሳይሞላ ሞቱ። ሚስታቸው እማማ በለጠች ለአርባው ተዝካር ፎቶውን ሊያሳጥቡ ቡሬ ድረስ መጡ። ኮምፒዩተሩ ላይ የጋቢው ፈትል ሳይቀር ይቆጠራል፤ ፊታቸው ያለበት ቦታ ግን ከሰል ነው። ሕሊና ብርሃን ብትጨምርበት ነጠብጣብ ወጣ እንጂ ዓይን አልወጣም።

ወንዳወቅ ገፋ አድርጓት በስልኩ ፊቱን ያነጣው ጀመር። አፍንጫ አቀጠነለት፣ ዓይን ተከለለት፣ አትሞም ሰጣቸው።

«ይህ ማነው?» አሉ እማማ በለጠች።

«ምን ላድርግ እማማ፤ የባላገር ፊት ፀሐይ ስለሚፈጀው ካሜራ አይቀበለውም።»

የሕሊና ደም ፈላ። ሰውየው ከሞቱም በኋላ ጥፋተኛ ሊደረጉ ነው። «ፊታቸው ምንም አላጠፋም» አለች። «ጥፋቱ የዚህ ፕላስተር ነው። የእኔም ነው። እንደሚጨልም እያወቅሁ ነው ያነሣኋቸው።»

«ሥራሽን ትፈልጊዋለሽ?» አላት ወንዳወቅ። ሕሊና ወደ እማማ በለጠች ዞረች።

ይቅር የሚሏት መስሏት ነበር። አላሏትም። ዓይናቸውን ተከሉባት።

«ታውቂ ኖሯል?»

«አዎ።»

«እሱስ አላወቀም እንበል። አንቺ እያወቅሽ ስለምን ዝም አልሽ?»

«ፈርቼ።»

«አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ» አሉና የነጣውን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፉት። «ጥቁሩን ስጪኝ። ጋቢውን የፈተልሁት እኔ ነኝ፤ አውቀዋለሁ። ፊቱን ለልጆቹ በአፌ እነግራቸዋለሁ።»

አተመችላቸው። በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው፣ ደኅና ዋይ ሳይሏት ወጡ።

ቀጥላ የገባችው ልጇን ክርስትና አስነሥታ የመጣች ሴት ነበረች፤ እናትም ልጅም ነጭ በነጭ ናቸው። ሕሊና ፕላስተሩን በጥፍሯ ትልጠው ጀመር።

«ነግሬሻለሁ» አለ ወንዳወቅ።

ፕላስተሩን እፊቱ ጠረጴዛው ላይ ለጠፈችለትና ማዞሪያውን አዞረች። ንዴቷ ገና አልበረደላትም። እሱ ላይ ብቻ ብትናደድ ኖሮ ይቀላት ነበር።