ከአጥሩ የተፈታው ክር

ሚስቱ ቤሪል ከተቀበረች ወዲህ የኖርማን ደጃፍ ከምግብ ተለይቶ አያውቅም። ጠዋት በሩን ሲከፍት ላዛኛ፣ ከሰዓት በኋላ የዶሮ ሾርባ፣ በማግስቱ የፖም ኬክ፤ ሁሉም በፎይል ተሸፍኖ ይጠብቀዋል። የእኛ መንደር ሰው ሐዘንተኛን ፊት ለፊት ማየት ያሳፍረዋል። ሳህኑን ያስቀምጥና ደወሉን ሳይነካ፣ ሌባ ይመስል በእግሩ ጣቶች እየረገጠ ውልቅ ይላል። ኖርማን ምግቡን አንስቶ ፍሪጅ ውስጥ ይከተዋል፤ ሲርበውም ይበላል። ምን በላህ ቢሉት ግን አያስታውስም።

አላለቀሰም። ቀብሩ ላይ እንኳ አላለቀሰም። ሰው ሁሉ "ወንድ ነው፣ ጠንካራ ነው" አለ። ጥንካሬ አልነበረም፤ ምንም ስላልተሰማው ነው። የጥርስ ሐኪም መርፌ የወጋው ድድ ቢነክሱት እንደማያመው፣ ሁለመናው እንደዚያ ሆኖ ነበር።

በየካቲት አንድ ቀን ከቤት ወጣ። የሚሄድበት ጉዳይ አልነበረውም፤ እግሩ ነው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ወዳለው ጠባብ መንገድ የወሰደው። በመንገዱ ዳር ረጅም የእሾህ ቁጥቋጦ አጥር አለ። የቤሪል አጥር ይሉታል፤ የእርሷ ሆኖ ሳይሆን፣ ከእርሷ በቀር ያንን ሁሉ እሾህ የሚወድ ሰው ስላልነበረ ነው።

በአካባቢያችን የቢራቢሮ ወዳጆች ማኅበር አለ። አብዛኞቹ ጡረተኞች ናቸው፤ የጎማ ቦቲ አድርገው፣ አጉሊ መነጽር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው በጭቃ የሚንበረከኩ ሰዎች። የሚፈልጉት የአንዲት ቡናማ ቢራቢሮ እንቁላል ነው። እርሷ ደግሞ መራጭ ናት፤ በዚህ እሾህ ለጋ ቅርንጫፍ ላይ ካልሆነ አትጥልም። ከስፒል ራስ ያነሰው ነጭ እንቁላል ያንን ሁሉ ብርድ ቅርንጫፉ ላይ ተጣብቆ ያሳልፋል። ታዲያ አጥር የሚከረክመው ትራክተር ለጋውን ሁሉ ጨፍጭፎ ካለፈ፣ በሚቀጥለው በጋ ቢራቢሮ የለም። በዙሪያው ያሉት አጥሮች አንድ በአንድ እንዲህ ባዶ ሆነው፣ የቀረችው እዚህ ብቻ ነበር።

ስለዚህ እንቁላል በተገኘበት ሁሉ የሱፍ ክር ይታሰራል። ትራክተር ነጂው ዴል ክር ሲያይ የማሽኑን ክንድ ወደ ላይ አንስቶ ያልፋል። ወረቀት የለ፣ ፊርማ የለ፤ ውሉ ክሩ ነው። ቤሪልም ካንሰሩ ሊጥላት ሲል፣ ከገና በፊት፣ የኖርማንን አሮጌ ቀይ ሹራብ ተርትራ ይህንን አጥር ከዳር እስከ ዳር አስራው ነበር።

ኖርማን ቀዩን ክር አየ። ዝናብ መትቶት ደብዝዟል። "ሹራቤ ነው" አለ በልቡ። ቀጥሎም፣ ይህን ቋጠሮ የቋጠሩት ጣቶቿ ናቸው ብሎ አሰበ። ጓንቱን አውልቆ ፈታው። ቀጥሎ ያለውን ፈታ። በደነዘዘ ጣት፣ እሾህ እየወጋው፣ አጥሩ እስኪያልቅ ድረስ እየፈታ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተ። ክሩ የታሰረበት ምክንያት ጠፍቶት አይደለም፤ ያን ጊዜ ቢጠይቁት እንደ ጎበዝ ተማሪ ይመልስ ነበር። ግን እጁ የሚሠራውን አእምሮው አልተከተለም። ቤቱ ገብቶ የሰው ኬክ በላ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ዳቦው ላይ ቅቤ ሲቀባ የትራክተር ድምፅ ሰማ። "ዴል ነው" አለ። ዳቦውን ገመጠ።

በማግስቱ ጠዋት ደወሉ ተደወለ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ፊሊፓ ናት፤ ፊቷ በርበሬ መስሏል።

"ኖርማን! ኮትህን ደርብና ና! ጉድ ሆነናል!"

ተከትሏት ሄደ። አጥሩ ተላጭቷል። የተሰነጠቀው እንጨት ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ለጋው ሁሉ መንገዱ ላይ ተዘርሯል። የማኅበሩ ሰዎች ዴልን ከበው ቆመዋል። ዴል ቆቡን በእጁ ያሻል።

"ዓይንህ ለጌጥ ነው የተሰጠህ?" አለችው ፊሊፓ።

"ክር አልነበረም እላችኋለሁ! ወርጄ በእግሬ ነው ያየሁት። ከዳር እስከ ዳር አንድ ክር የለም!"

"ቤሪል ስታስር አብሬያት ነበርኩ! በዚያ ብርድ፣ በዚያ ሕመሟ! የት ሄደ ታዲያ?"

"እኔ ምን አውቄ? ንፋስ ይሁን አጋዘን..."

"አጋዘን!" አለ ኮሊን፣ ጡረታ የወጣው አስተማሪ። "አዎ፣ በርዶት ሹራብ ሊሠራበት ነዋ!"

አንድ ሁለቱ ሳቁ። ፊሊፓ አልሳቀችም።

"ስማ ዴል፣ ዛሬውኑ ባለ እርሻዎቹን አንድ በአንድ አነጋግራለሁ። በዚህ ሸለቆ ሁለተኛ አጥር አትነካም። አለቀ!"

"ፊሊፓ፣ እንጀራዬ እኮ ነው..." ድምፁ ተሰበረ። ዞሮ ኖርማንን አየው። "እርስዎ ያውቁኛል። ቤሪል ያሰረችውን እኔ ጥሼ አውቃለሁ?"

ኖርማን እጁ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ ክሩን ነክቶታል። ዝም ማለት ይችል ነበር። ፈርቶም ሳይሆን፣ ምላሱ ከብዶት ብቻ ዝም ማለት ይችል ነበር። የዴል አገጭ ግን እንደ ሕፃን ተንቀጠቀጠ። ኖርማን ቀዩን ክር እፍኝ ሙሉ አወጣ።

"እኔ ነኝ የፈታሁት" አለ። "ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት። እያወቅሁ።"

ሁሉም ክሩን አዩ። ኖርማን ቆሞ ጠበቀ። የሚወርድበትን ሁሉ ሊቀበል ትከሻውን አጠነከረ። የፊሊፓ ፊት ግን ዓይኑ እያየ ለሰለሰ።

"ኦ፣ ኖርማን... አይዞህ የኔ ውድ። ምንም አይደለም።"

"እንዴት ምንም አይደለም? የቀረችው እዚህ ብቻ ነበር እኮ።"

"ሌላ ቦታም ትኖር ይሆናል። ከወዳደቀውም መሀል እንፈልጋለን" አለች። ዋሸችው፤ ውሸት ደግሞ አታውቅበትም።

ኮሊን ትከሻውን መታ መታ አደረገው። አንዷ ከፔርሙዝ ሻይ ቀዳችለት። ዴል እንኳ፣ አሁን ቆዳው ሊገፈፍ የነበረው ዴል፣ "ይሁን ግዴለም፣ እኔም በእርስዎ ቦታ ብሆን ያው ነበር" አለው።

"ስደቢኝ" አላት ኖርማን።

"ምን?"

"ዴልን ስትሰድቢው እንደነበረው። የባሰ ነው ያደረግሁት። ስደቢኝ።"

"አንተን? እንዴት ብዬ?" ዓይኗ እንባ ሞላ።

ኖርማን ዙሪያውን አየ። ሁሉም በዚያ ሳህን አስቀምጠው በሚሄዱበት ፊት ያዩታል። ቤሪል ብትኖር ኖሮ ለቁጣዋ ይህ መንገድ ይጠብ ነበር። አንድ ጊዜ ሳያውቅ እንቁላል ያለበት ቅርንጫፍ ላይ ቢቀመጥ፣ ቄሱ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው ምን ሆናችሁ እስኪሉ ድረስ ጮኻበታለች። ድንጋይ፣ ደንቆሮ፣ አንተን ያገባሁበት ቀን ይረገም ብላዋለች፤ የልጅ ልጆቻቸው ስም እንኳ ከእርግማኗ አልቀረም። የዛሬውን ብታይማ ምድርን በሰነጠቀች። ማንም ምንም አይደለም እንዲለው አትፈቅድም ነበር።

ወደ መንገዱ መታጠፊያ ተመለከተ። ዘግይታ ይሆናል፣ አሁን ከች ትላለች ብሎ እንደሚጠብቅ ሰው ጆሮውን አቀና። ማንም አልመጣም። ቤሪል እንደሞተች ያወቀው ያን ጊዜ ነው። ደረቱን አመመው፤ የተከረከመው እሾህ ላይ ቁጭ አለ፤ አፉን ከፍቶ አለቀሰ።

ፊሊፓ ስለ ቢራቢሮዎቹ የሚያለቅስ መስሏት አጠገቡ ተንበረከከችና፣ ጀርባውን እያሻሸች፣ "ምንም አይደለም፣ ምንም አይደለም" ትለው ጀመር።