የእረፍት ሕግ፣ ሦስተኛ ረቂቅ

ወንድሜ ኦሊቃ ከሞጆ ደረቅ ወደብ ጅቡቲ ተሳቢ ይነዳል። መንገድ ላይ አይተኛም፤ ይህንንም እንደ ጀግንነት ያወራዋል። «ሂን ራፉ» ይላል፣ አልተኛም ማለቱ ነው። ባለፈው ወር አዋሽ አጠገብ ዓይኑ ተከድኖ ከአስፋልቱ መውጣቱን የነገረኝ እየሳቀ ነው። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። እኔ መከራውን ስለፈራሁ ጨዋታ ይምከረው አልኩ።

ሥራዬ የጠረጴዛ ጨዋታ መፍጠር ነው። ተጫዋቹ አንድ ገጸ ባሕርይ ሆኖ ያወራል፣ ዳይስ ይጥላል፣ ጥንካሬውና ደረጃው ወረቀት ላይ ይሰፍራል። ደረጃ ወጪ ወራጅ ስለሆነ በእርሳስ ነው የምጽፈው። ይህኛው ጨዋታ ጭነት ይዘው በረሃ ስለሚያቋርጡ ሹፌሮች ነው። እሁድ እሁድ ከሰዓት አዳማ ቤታችን በረንዳ ላይ ኦሊቃ፣ ጓደኛዬ ሶሲ እና ጎረቤታችን መሳይ ይሞክሩልኛል።

በመጀመሪያው ረቂቅ መቶ ኪሎ ሜትር የሄደ ደረጃው ያድጋል፣ ያረፈ ጥንካሬው ይመለሳል። ኦሊቃ አንድም ጊዜ ሳያርፍ ስድስተኛ ደረጃ ገባ። ሶሲ በየከተማው እያረፈች ሁለተኛ ላይ ቀረች።

«ሥራ ማለት ይሄ ነው» አላት።

በገንሁ። ያልተኛን የሚሸልም ጨዋታ የሠራሁት እኔው ነኝ።

በሁለተኛው ረቂቅ ያላረፈ ደረጃው ይወርዳል አልኩ። ኦሊቃ ደረጃው እየወረደ ዝም ብሎ ነዳ። ዜሮ ሲገባ ወረቀቱን ቀደድኩበት።

«ጨዋታ እኮ ነው። እዚህ እንኳ ብታርፍ ምን ትሆናለህ?»

ዳይሱን መዳፉ ላይ አንከባለለ። «ብቻዬን ከተኛሁ ሸራው ይቀደዳል፣ ናፍጣው ይቀዳል። ረዳት የለኝም፣ ሜቲ። ማን ይጠብቅልኛል?»

ሦስት ዓመት ሙሉ ተኛ፣ ተኛ እያልኩ ስጨቀጭቀው ለምን እንደማይተኛ ጠይቄው አላውቅም። አፈርኩ።

ሦስተኛውን ረቂቅ እዚያው ጻፍኩት። ማንም ብቻውን አያርፍም። አንዱ ሲተኛ ሌላው ይጠብቃል። የተኛው ጥንካሬው ይመለሳል፣ ደረጃው የሚያድገው ግን የጠበቀው ነው።

«ሁላችንም እንጠብቅ ካልንስ?» አለ መሳይ።

«የሚተኛ ካጣችሁ ማንን ትጠብቃላችሁ? አንዱን እንዲተኛላችሁ ለምኑት።»

ሶሲ ወደ ኦሊቃ ዞረች። «እባክህ ተኛልኝ፤ ሁለተኛ ደረጃ ሰለቸኝ።»

ሳቀና «ለአንቺ ስል» ብሎ ዳይሱን አስቀመጠ። ጨዋታው ከተጀመረ ሲያርፍ የመጀመሪያው ነበር።

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ደወለ።

«አዋሽ ቆሜያለሁ።»

«ምን ሆንክ?»

«ምንም። መርዳሳ የሚባል ሹፌር አብሮኝ አለ፣ እሱም ረዳት የለውም። ጠዋት እሱ ተኛ፣ እኔ ሁለቱንም መኪና ጠበቅኩ። አሁን ተራው የእኔ ነው።» አዛጋ። «አንድ ደረጃ ጻፊልኝ። ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንዳትደውዪ።»

አዲሱን የደረጃ ወረቀቱን አወጣሁ። እርሳሱ አጠገቤ ነበር፤ እስክሪብቶ ፈልጌ ጻፍኩለት።