ተርኪው እስከ ገና

የቀድሞው ቄሳችን ካረፉ ወዲህ ቤተ ክርስቲያናችን ያለ አስተዳዳሪ ነው። እኛ የኮሚቴ አባላት ደግሞ ለሚመጣው እጩ ሁሉ እንከን እያወጣን መሸኘት ሥራችን ሆኗል። የአንዱ ድምፅ አነሰብን፤ ሌላው እንግሊዝኛ አይችልም አልን። ከሁሉም የባስኩ ነቃፊ ደግሞ እኔ ነኝ።

ቀሲስ ዘርዓብሩክ ለእጩነት የመጡት በአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል፣ በታንክስጊቪንግ ሳምንት ነበር። በበዓሉ ዕለት ከኮሚቴው ጋር ፌርፋክስ ያለው ቤቴ ምሳ ጠራኋቸው። ምስሩንና ሽሮውን አቅርቤ ቀሲስ ማዕዱን ሊባርኩ ሲሉ፣ እዚሁ የተወለደችው ልጄ ሄራን ከምትኖርበት ሰፈር ከፓልምስ የበዓሉን ዶሮ፣ ትልቅ የተጠበሰ ተርኪ ተሸክማ ገባች።

«አባ፣ ላንተ ነው የሠራሁት። ከንጋት ጀምሬ ኦቨኑ ጋ ነበርኩ» አለቻቸው ለቀሲስ፣ አንቱታ አለመደችምና።

ወይ ጉዴ! የነቢያት ጾም የገባው በዚያው ሳምንት ነው። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሼ ክፍሉ «ሰርክ፣ ምን ጉድ ነው?» ብለው ስሜን ጠርተው አፈጠጡብኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሄራን ፊታችንን ስታይ ስህተቷ ገባትና ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ቀሲስ ተነሥተው ትሪውን ከእጇ ተቀበሏት።

«ሽታው ብቻ ያጠግባል» አሉ። «ግን ጾም ላይ ነን የኔ ልጅ። ፍሪዘር ውስጥ አቆዪልኝ፤ ለገና አብረን እንፈስክበታለን።»

«ሶ፣ ለገና እዚህ ነህ?»

ቀሲስ ወደ እኛ እያዩ ፈገግ አሉ። «እሱን እነሱን ጠይቂ።»

 ከሁሉም ቀድሜ እኔ ተነሥቼ ፍሪዘሩን ከፈትኩና ለተርኪው ቦታ ማስለቀቅ ጀመርኩ።